ለሳሚር ዋስ የሆኑት ሽማግሌዎች

ሚስት ለማግባት የተነሳ ሰው የሚፈራው ነገር አያጣም። አንዱን የሠርግ ወጪ ያስፈራዋል፣ ሌላውን አማት፣ ሌላውን የልጅቷ ወንድሞች። እኔን ያስፈራኝ ግን ባሕር ማዶ የሚኖር፣ በአካል አይቼው የማላውቀው፣ እሱም ስሜን ሰምቶ የማያውቅ፣ ጠጉሩ የሚያብለጨልጭ አንድ ሰውዬ ነው። ሳሚር ይባላል። ሳሚር እሁድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ውስጥ ያጠፋል፤ እኔ ሰኞ ሶዶ ላይ እወቀሳለሁ። ይህ እንዴት ይሆናል ካላችሁ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከፊሉ የሽማግሌዎቹም ነው፤ ቁጭ በሉና ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

ሶዶ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ይህን ስናገር የሰው ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር ለምጄዋለሁ። የሒሳብ መምህር ሲባል ሰው ከመቀመጫው ብድግ ሊል ይቃጣዋል፤ የስፖርት መምህር ሲባል ግን «እና ሥራህስ?» ይላል። የገዛ አክስቴ ለጎረቤቷ ስለ እኔ ስታስረዳ ሰምቻታለሁ። «ልጆች ያስሮጣል» አለቻት። ጎረቤቲቱ ትንሽ አሰበችና «ማን እያባረራቸው?» ብላ ጠየቀች። መልሱን እኔ እስከ ዛሬ እየፈለግኩላት ነው።

ምሕረትን ያገኘኋት በዚሁ ሥራዬ ምክንያት ነው። የአንድ ተማሪ ቁርጭምጭሚት በዞረ ቁጥር ፋሻ የምገዛው እሷ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ነበር። በኋላ በኋላ የማንም ቁርጭምጭሚት ሳይዞር ፋሻ መግዛት ጀመርኩ። ቤቴ ውስጥ የተከማቸው ፋሻ አንድ ጤና ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። እሷም ነገሩ ገባትና አንድ ቀን ፋሻውን እየሰጠችኝ «ይሄ ይብቃህ፤ አባቴ ቦዲቲ ነው ያለው፤ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። ደስታዬ ልክ ስላልነበረው ፋሻውን እዚያው ረስቼ ወጣሁ።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። ዋናው አቶ ኦይቻ ናቸው፤ የአባቴ ባልንጀራ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ንግግር ከጀመሩ የሚያቆማቸው ዝናብ ብቻ። ሁለተኛው ወንጌላዊ ጳውሎስ ሲሆኑ እሳቸው ሰው ሁሉ ይሻሻላል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ከተበላ ከተማ በሚኒባስ የሚመጣው የእናቴ ወንድም ጋሽ ወልዴ ነው። ጋሽ ወልዴ ገበሬ ነው፤ አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ ወሬም አይወድም።

ከመሄዳቸው በፊት እኛ ቤት ተሰበሰቡና አቶ ኦይቻ ዞር ብለው «ስለ ጠባይህ ሲጠይቁን ምን እንበል?» አሉኝ።

እናቴ «ጥሩ ልጅ ነው በሏቸው» አለች።

«ጥሩ ልጅ ነው የማይባል ልጅ ማን ልኮ ያውቃል?» አሉ አቶ ኦይቻ። «የሚያዝ ነገር ስጡን።»

እኔም ራሴን ፈተሽኩ። የሚያዝ ነገር ጠፋ። መሬት የለኝ፣ ሱቅ የለኝ፣ መዝሙር ብዘምር ሰው ይወጣል። ያን ሰሞን ደግሞ አገሩ ሁሉ በአማርኛ የሚተላለፈው የፍቅር ድራማ አንደኛው ምዕራፍ አልቆበት በሐዘን ላይ ነበር። ሳሚር በዚያ ምዕራፍ መልአክ ነው። ጀልባውን ሸጦ የፍቅረኛውን የናዲንን እናት ያሳከመ፣ ናዲንን በዝናብ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰ፣ እናቱን ሳይሳለም ከቤት የማይወጣ ድሃ ዓሣ አጥማጅ። ምሕረት ደግሞ አባቷን ያ ድራማ እንደማያልፋቸው ነግራኛለች። ስለዚህ ጎበዝ ነኝ ብዬ «እንደ ሳሚር ነው በሏቸው» አልኩ።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ደንብ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ሽማግሌ በልጅቷ አባት ፊት ስለ ልጁ ጠባይ የሚናገረው ቃል ለማሳመር የሚባል ቃል አይደለም፤ ዋስትና ነው። ነገ ልጁ ቢያጠፋ የልጅቷ አባት የሚጠይቀው መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ነው። የምሕረት አባት አቶ ባሳ ደግሞ ለብዙ ዘመን የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ቃል ሰምተው የሚረሱ ዓይነት አይደሉም።

«እንደ ሳሚር?» አሏቸው ሽማግሌዎቹን።

«እንደ ሳሚር» አሉ አቶ ኦይቻ።

«በሦስታችሁም ቃል?»

«በሦስታችንም ቃል።»

አቶ ባሳ ፊታቸው እንደበራ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ አበበችም ከጓዳ ሆነው እልል ሊሉ ትንሽ እንደቀራቸው በኋላ ሰማሁ። በደንቡ መሠረት መልሱ ያን ቀን አይሰጥም፤ ሽማግሌም መልስ ሳያገኝ ከቤቱ ማዕድ አይቀምስም። «ዘመድ እንጠይቅ፤ ከጊፋታ በኋላ ተመለሱ» ተባሉ። ጊፋታ የዘመን መለወጫችን ስለሆነ ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው ስለ በሬ ነው የሚያስበው። ሽማግሌዎቼ አንጀታቸው እየጮኸ ግን እየሳቁ ተመለሱ።

ሶዶ ሲደርሱ ወንጌላዊ ጳውሎስ «ለመሆኑ ሳሚር የትምህርት ቤታችሁ ርዕሰ መምህር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አቶ ኦይቻ የእግር ኳስ ተጫዋች መስሏቸው ነበር። ጋሽ ወልዴ ምንም አልመሰለውም። ከሦስቱ አንዱም ድራማውን አይቶት አያውቅም፤ ግን ሦስቱም ምለውለታል።

ጊፋታ አለፈ። ሥጋውም አለቀ፣ ማባያው የበርበሬ ዳጣም አለቀ፣ ሁለተኛው ምዕራፍም ጀመረ።

ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩበት እሁድ እኔም ተከትያቸው ቦዲቲ ሄድኩ። መልስ ሳይሰጥ የሚያጭ ሰው የልጅቷን ቤት አይረግጥም፤ ስለዚህ ከአቶ ባሳ ቤት ጀርባ ካለው እንሰት ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። የአቶ ባሳ እንሰት ቅጠሉ ሰፋፊ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ይደብቃል። የሳሎኑ መስኮትም ክፍት ስለነበር ቴሌቪዥኑ ይታየኛል፣ ሁሉም ይሰማኛል። ውሻቸው መጣና አሸተተኝ፤ እንደ ባለጉዳይ ቆጥሮኝ መሰለኝ እግሬ ሥር ተኛ።

ሽማግሌዎቹ የደረሱት ድራማው ሊጀምር ሲል ነበር። አቶ ባሳ «ተቀመጡ፤ የልጃችሁን ነገር አብረን እንይ» አሏቸው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ድምፅ «ከሦስት ዓመት በኋላ» አለ። የመኪና በር ተከፈተ። ሙዚቃው ደስ የማይል ነበር።

«ይሄ ማነው?» አሉ አቶ ባሳ።

«ሳሚር ነው እኮ» አሉ ወይዘሮ አበበች፣ ቅር ብሏቸው።

ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ጢሙን ተላጭቷል፤ ጠጉሩን በቅባት ወደ ኋላ አስተኝቷል። የዓሣ አጥማጆቹን መንደር አፍርሶ ሆቴል ሊሠራ ከሚፈልገው ሀብታም ጋር ነው የሚሠራው። ናዲን ትደውላለች፤ ስልኩን አይቶ ወደ ኪሱ ይመልሰዋል። እናቱም ትደውላለች፤ እናቱንም ይመልሳታል። እኔ እንሰቱ ውስጥ ቆሜ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር።

አቶ ባሳ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፉ። «የተከበራችሁ ሽማግሌዎች» አሉ። «እንደ ሳሚር ነው ብላችሁ ሦስታችሁም ቃል ሰጥታችኋል። ይህ ሰው የእናቱን ስልክ አያነሳም። ምን ትላላችሁ?»

አቶ ኦይቻ ሕይወታቸውን ሙሉ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ተራውን ለወንጌላዊ ሰጡ። ወንጌላዊ ጳውሎስ «ምናልባት ስብሰባ ላይ ይሆናል» አሉ። ቀጠሮው ለሚቀጥለው እሁድ ተላለፈ። አቶ ባሳ ጨምረውም «የክርክሩ ማስረጃ በአማርኛ ስለሆነ ክርክሩም በአማርኛ ይሁን» አሉ፤ ይህም የጋሽ ወልዴን አፍ ከነጭራሹ ዘጋው።

ወደ ሶዶ ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ አቶ ኦይቻ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው ጠጉርህን እንዲያ የተቀባኸው?» አሉኝ።

«እኔ አልተቀባሁም እኮ፤ ሳሚር ነው።»

«እናትህ ስትደውልስ?»

«የኔ እናት ትናንት ደውላልኝ አንስቻለሁ።»

«ያንተማ ይሁን» አሉ ተክዘው።

ቃላችሁን አንሡት፣ የሳሚርን ስም የጠራነው በስህተት ነው በሏቸው ብዬ ለመንኳቸው። ሦስቱም በአንድ አፍ ተቆጡኝ። ሽማግሌ የመሰከረለትን ሰው ሜዳ ላይ ጥሎ አይሄድም። «ሳሚር የመከራ ቀን ላይ ነው» አሉ ወንጌላዊ ጳውሎስ፤ «እንዲህ ባለ ቀን ነው ሰው አብሮት የሚቆመው።» እኔ ደግሞ አብሮኝ የሚቆም ነበር የምፈልገው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከእጄ ወጣ። ሽማግሌዎቹ የማያውቁትን ሰው መከላከል እንደማይችሉ ተረዱና አንደኛውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ማየት ጀመሩ። አቶ ኦይቻ ቤት፣ በእኔ ስልክ፣ በእኔ የኢንተርኔት ጥቅል። ጋሽ ወልዴ በቆሎውን ትቶ ከተበላ ይመጣል። ስልኩን ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፈው ሦስቱ ግንባር ለግንባር ገጥመው ያያሉ። ሳሚር ጀልባውን የሸጠ ጊዜ አቶ ኦይቻ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉ። ጋሽ ወልዴ ደግሞ «ናዲን ለምን ዝም ብሎ ያለቅሳል? ለአባቱ አይናገርም ወይ?» ብሎ ተናደደ። ከቀን ወደ ቀን ሳሚርን ወደዱት። እኔን ግን ምን እንደምበላ እንኳ የሚጠይቀኝ ጠፋ።

በሁለተኛው እሁድ ሳሚር በስልክ እናቱ ላይ ጮኸ። በሚቀጥለው የሆቴሉን ባለቤት ልጅ እጇን ያዘ፤ ያውም ናዲን በመስኮት እያየች። ወሬው ሶዶ ደረሰ። እናቴ በገበያ «ልጅሽ እንዲህ አደረገ አሉ» እየተባለች ተመለሰች። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ ፊሽካ ስነፋ ከኋላ አንዷ ተማሪ «መምህር፣ ለምን ናዲንን አስለቀሷት?» አለችኝ። ለሠርግ ብዬ ያሰፋሁት ጥቁር ሱፍ ነበረኝ፤ አልጋ ሥር ደበቅኩት። ጢሜን ማሳደግ ጀመርኩ። ጠጉሬን ውኃ እንኳ ሲነካው ወደ ኋላ ይተኛ ይሆን ብዬ እሳቀቃለሁ።

መላ ፍለጋ የአማርኛ መምህራችን ተስፋዬ ዘንድ ሄድኩ። ተስፋዬ ስለ ልብ ወለድ ሲጠየቅ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ የሚያስረዳ ሰው ነው። «ይሄ መበላሸት አይደለም» አለኝ። «የገጸ ባሕርይ ዕድገት ይባላል። አንደኛው ምዕራፍ ላይ የነበረው ሳሚር ገና ንድፍ ነው። ደግ ነበር፤ ግን ለምን ደግ እንደሆነ አልተፈተነም። በሁለተኛው ምዕራፍ መለወጥ አለበት፤ አለበለዚያ ተመልካች ይሰለቸዋል።» አንገቱን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ለአቶ ኦይቻ እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው፤ መሮጥ መቼም ሥራዬ ነው። እሳቸውም ሌሊቱን ሲያጠኑት አደሩ መሰለኝ በሚቀጥለው እሁድ ቦዲቲ ላይ ቆመው እንደ ጠበቃ ተናገሩት።

«አቶ ባሳ፣ ልጁ ጠፋ አይባልም። ገጸ ባሕርይው እያደገ ነው።»

አቶ ባሳ «ወዴት ነው የሚያድገው?» አሉ።

«እንዴት ወዴት?»

«ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ወደ ታች የሚያድግ ነገር እኔም ጓሮዬ አለኝ፤ ስኳር ድንች ነው። ልጄን ግን ለስኳር ድንች አልሰጥም።»

እንሰቱ ውስጥ ሆኜ በገዛ እጄ ራሴን መታሁ። ውሻው ደንግጦ ተነሣ።

አቶ ባሳ ያን ቀን ነገሩን ቆረጡት። የሚቀጥለው እሁድ የምዕራፉ መጨረሻ ነው። ሳሚር የዓሣ አጥማጆቹን መንደር ማፍረሻ ወረቀት ላይ እንዲፈርም ተጠርቷል፤ የናዲን እናት ቤትም እዚያው ነው። «ከፈረመ» አሉ አቶ ባሳ፣ «እናንተን በክብር እሸኛለሁ፤ የልጁ ነገር ግን በዚያው ይቅር። የዋስ ነገር ጨዋታ አይደለም።» እኔ በቃ፣ የሕይወቴ ነገር ስሙን የማላውቀው አንድ ደራሲ እጅ ላይ ወደቀ።

ሰኞ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ምሕረት ድራማውን አታይም፤ ነገሩን ከእናቷ ነው የሰማችው። ስታየኝ አልሳቀችም።

«ለምን የሌላ ሰው ስም አስጠራህ?» አለችኝ። «ስለ አንተ የሚባል ጠፍቶ ነው?»

«ምን ይባላል?» አልኳት። ከልቤ ነበር የጠየቅኳት።

«እኔ የምለውን እኔ አውቀዋለሁ። አንተ ያንተን ፈልግ» አለችና ማዘዣ ይዘው ወደቆሙት ሴትዮ ዞረች። እውነቱን ልናገርና ያን ቀን ፋሻ እንኳ ሳልገዛ ወጣሁ። ሳሚርን ጠላሁት። ከሳሚር ይልቅ ደግሞ «የሚያዝ ነገር» ሲባል ባዶ እጄን የቀረሁትን ራሴን ጠላሁት።

የመጨረሻው እሁድ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ቦዲቲ። የአቶ ባሳ ሳሎን ሞልቷል፤ የጎረቤት ሰው ሁሉ ፍርዱን ለመስማት መጥቷል። ጓዳ ውስጥ ሥጋ እየተከተፈ፣ ዳጣ እየተፈጨ ነው፤ ፍርዱ ለማንም ይሁን እንግዳ ግን ይበላል ማለት ነው። ሽታው እንሰቱ ድረስ ይመጣል። ሽማግሌዎቼ ብቻ ናቸው የማይቀምሱት።

ድራማው ጀመረ። ሳሚር ወረቀቱ ፊት ተቀመጠ። ናዲን በሩ ላይ ቆማለች። ሀብታሙ ሰውዬ እስክሪብቶ ሰጠው። ሙዚቃው ከፍ አለ። አቶ ኦይቻ ቀስ ብለው «ተው ልጄ» ሲሉ ሰማኋቸው። ሳሚር እስክሪብቶውን አነሣ።

መብራት ጠፋ።

እንዲህ ያለ ጩኸት ቦዲቲ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ከአቶ ባሳ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤት ቤት ሁሉ፣ ከመንገዱ ማዶም ጭምር ነው። አንዱ ቆጣሪ ሊያይ ሮጠ፣ አንዱ ስልኩን አወጣ፣ ኔትወርኩም አብሮ ሄዷል። ሰዉ ጮኾ ጮኾ ሲደክመው የአቶ ባሳ ድምፅ ተሰማ።

«እንሰቱ ውስጥ ያለውን ልጅ ጥሩት።»

ክው አልኩ። ለካ ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ ያውቃሉ። ወይዘሮ አበበች በጓሮ በር ብቅ ብለው «ና ልጄ፣ ግባ» አሉኝ። ገባሁ። ጠጉሬ ላይ የሸረሪት ድር አለ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው፣ ውሻው ተከትሎኝ ገብቷል። ሰዉ ሁሉ አየኝ። ምሕረት ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ እጇ ላይ የያዘችውን ሳህን አላስቀመጠችም።

«እንደ ሳሚር ነኝ ብለህ አስመስክረሃል» አሉ አቶ ባሳ። «መብራት የለም። አንተው ንገረን። ይፈርማል ወይስ አይፈርምም?»

አይፈርምም ብል ያልቅ ነበር። ሰዉ የሚፈልገው እሱን ነው። አቶ ኦይቻም በዓይናቸው «አይፈርምም በል» እያሉኝ ነው። አፌን ከፈትኩና የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«አላውቅም» አልኩ። «እኔ ሳሚር አይደለሁም፤ ሽማግሌዎቹም ያኔ አያውቁትም ነበር። ስሙን ያስጠራሁት እኔ ነኝ፤ ስለ ራሴ የሚባል ስላጣሁ ነው። ጀልባ የለኝም፤ ቢኖረኝም ለመሸጥ ሳላመነታ አልቀርም። በዝናብ ሰው ተሸክሜ አላውቅም። ውሻዎን ራሱ መጀመሪያ ቀን ፈርቼዋለሁ። ልጆች ነው የማስሮጠው። ሳስሮጣቸው ግን መጨረሻ የሚመጣው ልጅ እስኪገባ ሜዳውን ለቅቄ አላውቅም፤ የቀረውም ተማሪ እንዳይሄድ አደርጋለሁ፤ ለመጨረሻው እናጨበጭባለን። ስለ ጠባዬ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።»

ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። «መጀመሪያም ይሄንን ነበር ማስባል» አለች ምሕረት፣ ለማንም ሳይሆን።

አቶ ባሳ ወደ እሷ አልዞሩም። «እሺ» አሉኝ። «ያ ሰው አንደኛው ምዕራፍ ላይ ከአንተ የተሻለ ነበር። ሁለተኛው ላይ ጠፋ። አንተም ነገ ሁለተኛ ምዕራፍ ይኖርሃል፤ ልጅ ትወልዳለህ፣ ደመወዝ ይጨመርልሃል፣ ሰው ያከብርሃል። ያኔ ምን ትሆናለህ?»

«እሱንም አላውቅም» አልኩ። አቶ ኦይቻ ራሳቸውን ያዙ። «ግን ይህን ሁሉ እሁድ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ስሰማ አንድ ነገር ገርሞኛል። ሳሚር ሲጠፋ እናቱ ታለቅሳለች፣ ናዲን ታለቅሳለች፣ መንደሩ ይረግመዋል። ቤቱ ሄዶ ቁጭ ብሎ ‹ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው? ተው› ያለው አንድ ሽማግሌ ግን የለም። ሀብታም አለው፣ መኪና አለው፣ የሚቆጣው የለውም። እኔ ልጥፋ ብልስ ማን ዝም ብሎ ይለቀኛል? ጋሽ ወልዴ ከተበላ ይመጣል። አቶ ኦይቻ መጥተው እስኪዘንብ ድረስ ይናገሩኛል። ወንጌላዊ ይጸልዩብኛል። እርስዎም ከዚህ ይመጣሉ፤ መንገዱ አስፋልት ነው። ሁሌ ጥሩ እሆናለሁ ብዬ አልምልም። ሊቆጣኝ የመጣ ሰው ላይ ግን በሬን አልዘጋም። ይሄን እምላለሁ።»

አቶ ባሳ እንደ ድሮ ዳኝነታቸው «የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ በዚህኛው ቃል ትቆማላችሁ?» አሉ።

አቶ ኦይቻ ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ጋሽ ወልዴ ተነሣ። በእነዚያ እሁዶች ሁሉ አንድ ቃል ያልተናገረው ጋሽ ወልዴ። «እኔ ይቆማል» አለ በዚያ በገበያ አማርኛው። «ልጁ ጀልባ የለውም። ፈሪ ነው። በር ግን አይዘጋም። ከዘጋ እኔ ይሰብራል።»

አቶ ባሳ ሳቁ። ስንት እሁድ መስኮታቸው ሥር ቆሜ ሳቃቸውን ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ጓዳ ዞሩና «አበበች፣ ለሽማግሌዎቹ ማዕድ አቅርቢ» አሉ። ይህ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልገኝም፤ ወይዘሮ አበበች ስንት ሳምንት አምቀው የያዙትን እልልታ ለቀቁት፣ ጎረቤቱም ተቀበላቸው፣ ወንጌላዊ ጳውሎስ ዕንባቸውን እየጠረጉ ለጸሎት ቆሙ። ምሕረት አጠገቤ ስታልፍ ከጠጉሬ ላይ የሸረሪት ድሩን አነሣችልኝ፤ በሰው ፊት ያውም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም። የሮጥኩትን ሁሉ ያሸነፍኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ጎደሬው ከዳጣው ጋር ቀርቦ፣ ሥጋው ተቆርጦ፣ ሽማግሌዎቼ የሳምንታት ረሃባቸውን እየተወጡ ሳለ መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑም በራ። የሠሩት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ከኋላው ባሕሩ ብቻ ይታያል። ምዕራፉ አልቋል።

አቶ ኦይቻ ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ብድግ አሉ። «ልጁስ?» አሉ። «ሳሚርስ? ፈረመ ወይስ አልፈረመም?»

አቶ ባሳ እጃቸውን ዘርግተው ቴሌቪዥኑን አጠፉትና ትልቁን ሥጋ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ተቀመጡና ብሉ» አሉ። «ይሄኛው ተሰጥቶታል። ያኛው የራሱን ሽማግሌ ይላክ።»